ወንጀለኛና ጥፋተኛ፦ የሁለት ቃላት ታሪክ በጅማና በቡናው አገር

በአማርኛ ንግግር ውስጥ እንደ መንትያ የሚቆጠሩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ እየገባ የሚነገሩ ሁለት ቃላት አሉ፤ «ወንጀለኛ» እና «ጥፋተኛ»። በገበያ፣ በቡና ቤት፣ በስብሰባ፣ አንዳንድ ጊዜም በራዲዮና በጋዜጣ፣ በፖሊስ የተያዘ ሰው ገና ዳኛ ፊት ሳይቀርብ «ወንጀለኛው» ይባላል። ይህ ልማድ ተራ የአነጋገር ግድፈት መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት የወጡት ከተለያየ ሥር፣ የሚነገሩትም ከተለያየ አፍ ነው። አንደኛው የከሳሽ ቃል ሲሆን ሁለተኛው የዳኛ ቃል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ክርክር፣ ማስረጃና ፍርድ የሚቆሙበት መሬት ነው። ያ መሬት ሲጠብ ምን እንደሚከተል ለመረዳት የጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና አገሮች፣ የአጋሮን፣ የሊሙንና የጌራን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ አገር ከአንድ መቶ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ የንጉሥ ችሎት፣ የቃዲ ፍርድ፣ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ የጠቅላይ ግዛት ፍርድ ቤትና የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ተፈራርቀዋል፤ እያንዳንዳቸውም ለበደልና ለበደለኛ የየራሳቸውን ስም ሰጥተዋል።

የቃላቱ ሥር

«ወንጀል» የሚለው ቃል የሚጻፍበት «ጀ» ከግዕዝ የፊደል ገበታ ውስጥ የለም፤ አማርኛ ለራሱ ድምፅ ሲል የጨመረው ፊደል ነው። ስለሆነም ቃሉ በዚህ መልኩ የቤተ ክህነት ቋንቋ ቃል ሊሆን አይችልም። ግዕዝ ስለ በደል ሲናገር «አበሳ» ይላል፣ «ጌጋይ» ይላል፣ «ኃጢአት» ይላል። ሕዝበ ክርስቲያኑ በየዕለቱ በሚደግመው «አቡነ ዘበሰማያት» ውስጥ የሚገኙት አበሳና ጌጋይ ናቸው። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው፣ 51 አንቀጾች ያሉት ፍትሐ ነገሥት ለብዙ ዘመናት የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን የፍርድ መመሪያ ሆኖ ሲያገለግል፣ የሚመለከተው ሰውን በፈጣሪውም በንጉሡም ፊት ባለዕዳ አድርጎ ነበር። በዚያ ዓለም በደልና ኃጢአት ፈጽሞ የተለያዩ አልነበሩም።

«ወንጀል» ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከዚሁ ቃል ጋር አብሮ የሚሄደው ግሥ «ወነጀለ» ነው፤ ትርጉሙም ወንጀል ሠራ ማለት ሳይሆን ሌላውን ሰው ወንጀል ሠርተሃል ብሎ ከሰሰ ማለት ነው። «ተወነጀለ» የተባለው ሰው ተከሰሰ እንጂ አደረገ አልተባለም። «ውንጀላ» የሚለው ስም ደግሞ በሕዝቡ አፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሐሰት ክስን ሽታ ይዞ የሚገኝ ነው። ቋንቋው ድርጊቱንና ክሱን በአንድ ሥር አስቀምጧቸዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ወንጀለኛ» የሚለው ቃል ሲነገር፣ ተናጋሪው ያውቀውም አያውቀው፣ የከሳሽ ድምፅ አብሮ ይሰማል።

«ጥፋት» የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ላም ትጠፋለች፤ መብራት ይጠፋል፤ መንገድ ይጠፋል፤ የተዘራ ማሳ በጎርፍ ይጠፋል። «አጠፋ» ማለት የነበረውን እንዳልነበረ አደረገ ማለት ነው። ጥፋተኛ የሚባለው እንግዲህ በሰውና በሰው መካከል የነበረን ነገር፣ ሕይወትን ይሁን ንብረትን ወይም መተማመንን፣ ያሳጣ ሰው ነው። በጅማ አካባቢ የሚነገረው አፋን ኦሮሞም በዚሁ መንገድ የሄደ መሆኑ እጅግ ያስደንቃል። «በዱ» ጠፋ ማለት ነው፤ ከእርሱ የወጣው «በዲ» በደልን፣ ጥፋትን ያመለክታል። «በሌሱ» ማጥፋት፣ ማበላሸት ነው፤ «በሌሳ» ደግሞ ጥፋት፣ ጥፋተኛነት ነው። ለወንጀል ራሱን የቻለ ሌላ ቃል፣ «የካ» የሚባል አለው። ሁለት ቋንቋዎች፣ ሁለቱም በደልን እንደ ጠፋ ነገር ቆጠሩት።

በአንፃሩ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ድምፅ ላይ ተቃራኒ ነገር የሚሉበት ጊዜም አለ። «ሴራ» በአፋን ኦሮሞ ሕግ ነው። በአማርኛ ግን «ሴራ» በድብቅ የተጎነጎነ ተንኮል ነው። በአጋሮ ገበያ ሁለቱን ቋንቋዎች እየሰማ ያደገ ሰው አንድ ቃል በአንድ በኩል ሕግን፣ በሌላው በኩል የሕግን ጠላት ሲጠራለት ኖሯል። ስለ ፍርድ ቋንቋ የሚጻፍ ማናቸውም ነገር ይህን መርሳት የለበትም።

በጅሬንና በሂርማታ

በ19ኛው መቶ ዓመት በጊቤ ወንዝ አካባቢ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የተባሉ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ተመሥርተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ረዥም ዕድሜ ያገኘው በ1820ዎቹ መጀመሪያ ገደማ አባ ጅፋር ቀዳማዊ ያቆሙት የጅማ መንግሥት ነው። በ1870 ዓ.ም. አካባቢ የነገሡት አባ ጅፋር ዳግማዊ ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም ገብተው ግብር በመክፈላቸው፣ ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል ይዛ ቆየች። ቤተ መንግሥቱ በጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ታላቁ ገበያ ደግሞ ከኮረብታው በታች በሂርማታ ነበር።

በዚህ መንግሥት ውስጥ ፍርድ ከአንድ ምንጭ ብቻ አልወጣም። የመንደሩን ነገር «ጃርሰ ቢያ» የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎችና የየቀበሌው ገዥ አባ ቆሮ ያዩት ነበር። የጋብቻና የውርስ ጉዳይ በቃዲው ፊት በሸሪዓ ይታይ ነበር። ከባዱ ነገር ወደ ንጉሡ ይወጣ ነበር። የሰው ነፍስ ሲጠፋ ግን ከሁሉም በፊት የሚነሣው ቃል «ጉማ» ነው። ጉማ የደም ካሣ ነው። ገዳይ ወገን ለሟች ወገን ከብት ይከፍላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ እርቅ ይወርዳል፣ የደም መመላለስ ይቆማል። በዚህ ሥርዓት ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ገዳዩን የወለደውና ያሳደገው ወገን ሁሉ ዕዳውን ይሸከማል። ቁም ነገሩ ገዳዩ በልቡ ምን አስቦ ነበር የሚለው ሳይሆን የጎደለው እንዴት ይሞላ የሚለው ነው።

ይህ ሥርዓት ለጠፋ ነገር ሁሉ መልስ ነበረው ማለት ግን አይቻልም። ሂርማታ የቡና፣ የማርና የከብት ገበያ ብቻ ሳይሆን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከከፋ፣ ከኩሎና ከሌሎችም አገሮች እየተነዱ የመጡ ወንዶችና ሴቶች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ በዚያ ተሸጠዋል። ለተሸጠው ሰውና ለእናቱ ይህ ከበደል ሁሉ የከፋ በደል ነበር። በችሎቱ ቋንቋ ግን ንግድ እንጂ ወንጀል አልነበረም፤ ሻጩም ነጋዴ እንጂ ወንጀለኛ አልተባለም። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች በዚያው ዓመት፣ በ1916 ዓ.ም.፣ ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት አዋጅ ወጣ፤ ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የባርነት ሕጋዊ መሠረት ፈጽሞ ተሻረ። በሂርማታ መንገድ ላይ ትናንት በአደባባይ የተሠራው ሥራ ዛሬ የሚያስቀጣ ሆነ። ድርጊቱ አልተለወጠም፤ ስሙ ተለወጠ። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት፣ ወንጀል የሚባለው ነገር ከበደል ወደ ኋላ ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው።

ወደ ጅማ የመጣው የችሎት ቃል

በ1924 ዓ.ም. የጅማ የውስጥ ነፃነት አብቅቶ አገሩ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲውል፣ ከሹማምንቱና ከጸሐፊዎቹ ጋር የአማርኛው ችሎት ቃላትም አብረው መጡ። እነዚህ ቃላት በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመናት ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። «በላ ልበልሃ» እየተባለ በዛፍ ጥላ ሥር የሚደረገው ሙግት ግማሹ ሕግ ግማሹ ቲያትር ነበር፤ ተከራካሪው በእግሩ ይራመዳል፣ በእጁ ያመለክታል፣ በምሳሌና በቅኔ ባላጋራውን ይወጋል። ማር ወይም በቅሎ አሲዞ መወራረድም የሙግቱ አካል ነበር፤ ዛሬ ለተራ ጭቅጭቅ የሚነገረው «እሰጥ አገባ» የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው «ቁራኛ» ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት እጅ ለእጅ ተቆራኝተው ይሄዱ ነበር። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» የሚለው አነጋገር የተረፈው ከዚህ ነው። ሥርዓቱ ጭካኔ እንደነበረበት አይካድም። ሆኖም አንድ ጥልቅ ሐሳብ ይዟል፤ የከሰሰ ሰው የክሱን ክብደት በራሱ እጅ መሸከም ነበረበት። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ሁለቱም በአንድ ሰንሰለት ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ገና ወንጀለኛ አይደለም።

ከዚህ በተቃራኒው የሚቆሙት አውጫጭኝና ሌባሻይ ናቸው። አውጫጭኝ፣ አፈርሳታም የሚባለው፣ ያልታወቀ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲኖር የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ጠቋሚ እስኪገኝ የሚቆይበት ሥርዓት ነው። የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ ሰው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ ይውላል። ያየ ሰው በግልጽ ለመናገር ሲፈራ «ወፍ ነገረችኝ» እያለ በተመረጡ ሽማግሌዎች ጆሮ ይጠቁማል። በሕዝብ የጋራ ኃላፊነት ላይ መመሥረቱ ጠንካራ ጎኑ ሲሆን፣ ተጠቋሚው ጠቋሚውን ሊጠይቅ አለመቻሉ ድካሙ ነው። ሌባሻይ ደግሞ የባሰ ነበር። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣል፤ ብላቴናው በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሄድና ከወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ይባላል። ኋላ በመንግሥት የተከለከለው ይህ ልማድ ከሳሽ የለውም፣ ማስረጃ የለውም፣ መልስ መስጫ የለውም። ክሱና ፍርዱ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ የብላቴና አወዳደቅ ተፈጸሙ ማለት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ወራሪው የፋሺስት ጦር ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ ሲያደርጋት፣ ቃላቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ተገለበጡ። ሕዝቡ «አርበኛ» ያለውን ሰው ወራሪው «ሽፍታ» አለው። ለአገሩ የቆመ ሰው በወራሪው መዝገብ ላይ ወንጀለኛ ሆኖ ተጻፈ። አምስት ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ ስም አውጪው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ስምን መቀበል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በሥጋው ተማረ።

ሕጉ በመጽሐፍ ሲጻፍ

ኢትዮጵያ በዘመናዊ መልክ የተጻፈ የወንጀል ሕግ ያገኘችው በ1923 ዓ.ም. ነው። ከእርሱ በኋላ በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅ መሠረት የተዘጋጀው ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የዚህ ሕግ የአማርኛ ስም «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር። ስሙ ድርጊቱን ሳይሆን ሰውዬውን ያመለክታል። «-ኛ» የሚለው ባዕድ መድረሻ በአማርኛ ሰውን በሥራው ወይም በጠባዩ የሚሰይም ነው፤ ፈረሰኛ፣ መርከበኛ፣ ጋዜጠኛ እንደሚባለው። ወንጀለኛም እንዲሁ አንድ ቀን አንድ ነገር ያደረገ ሰው ሳይሆን ወንጀልን ሙያው ያደረገ ሰው ይመስላል። መጽሐፉ ገና ከሽፋኑ ሰዎችን በሁለት የከፈለ፣ የሚቀጣውን አስቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ነበር።

ውስጡ ግን ከሽፋኑ ይልቅ ጥንቁቅ ነበር። በአንቀጽ 57 የተደነገገው መርሕ ጥፋት ከሌለ ቅጣት የለም የሚል ነው። ለሥራው ኃላፊ ሊሆን የሚችል ሰው፣ አስቦ ወይም በቸልተኝነት ሕግ የከለከለውን ሲያደርግ ብቻ ጥፋተኛ ይሆናል። ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰ ነገር፣ ጉዳቱ ምንም ያህል ቢከፋ፣ ጥፋት አይባልም። ይህ ከጉማ ሥርዓት እጅግ የራቀ ነው። ጉማ የጎደለውን ይጠይቃል፤ አዲሱ ሕግ ልብን ይጠይቃል። ጉማ ወገንን ያስከፍላል፤ አዲሱ ሕግ ከአንዱ ሰው ሌላ ማንንም አይነካም። በ1936 ዓ.ም. በታወጀው የእስላም ፍርድ ቤቶች አዋጅ መሠረት የቃዲዎች ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስና በወቅፍ ጉዳይ ተወስኖ ስለነበረ፣ በጅማም ስለ ወንጀል የሚናገረው የመንግሥት ፍርድ ቤት ብቻ ሆነ።

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የዛሬው ሕግ ስሙን ለወጠ፤ «የወንጀል ሕግ» ተባለ። ሰውዬው ከሽፋኑ ላይ ወረደና ድርጊቱ በቦታው ቆመ። በአንቀጽ 23 ደግሞ ወንጀል ተሠራ የሚባለው ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር በአንድነት ሲገኙ ብቻ መሆኑን ደነገገ። ሕግ የከለከለው ነገር መኖር አለበት፤ ድርጊቱ በተጨባጭ መፈጸም አለበት፤ የአድራጊው ልብ አብሮ መኖር አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ክስ ሊኖር ይችላል፤ ጥፋተኛ ግን የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው አረጋግጧል።

ኬላና ጀንፈል

ሕጉ በመጽሐፍ ይህን ቢልም፣ የቡናው አገር ሰው ወንጀል የሚለውን ቃል የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኬላ ነው። የጎረቤቱን ቡና ከዛፉ ላይ የለቀመ ሰው ሌባ ነው፤ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ስለዚህ የሚከራከር የለም። ሌባው ራሱ ሲያዝ ያፍራል። ነገር ግን በደርግ ዘመን ግብይቱ በቡና ገበያ ኮርፖሬሽን እጅ ሲገባ፣ ዋጋው በመንግሥት ሲወሰንና ቡና ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ እንዳያልፍ በየመንገዱ ኬላ ሲቆም፣ ገበሬው በገዛ ጓሮው የተከለውን፣ በገዛ እጁ የለቀመውንና በገዛ ደጁ ያደረቀውን ጀንፈል ጭኖ ሲገኝ «ኮንትሮባንዲስት» ተባለ። ነጋዴው ደግሞ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ፈጻሚ ተባለ። ኋላም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ፣ እርሱንም የተካው የ2009 ዓ.ም. አዋጅ፣ ከተፈቀደው የግብይት መንገድ ውጭ ቡና መሸጥንና መግዛትን በቅጣት ከልክለዋል።

መንግሥት እነዚህን ደንቦች ያወጣበት ምክንያት ነበረው። ቡና ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ዋና ምንጭ ነው፤ ጥራቱ ከተበላሸ የሚጎዳው ራሱ ገበሬው ነው። ይሁን እንጂ ከቋንቋ አንፃር ሲታይ የተፈጠረው ነገር ግልጽ ነው። በሂርማታ የባሪያ ገበያ በደል ነበረ፣ ወንጀል አልነበረም። በቡናው ኬላ ወንጀል ነበረ፣ ጥፋት ግን በሕዝቡ ልብ ውስጥ አልነበረም። በኬላው ተይዞ የታሰረ ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ «ታሰረ» ይባላል እንጂ «አጠፋ» አይባልም። ጎረቤት ለመጠየቅ ይሄዳል፤ ቡና ይፈላል። የሕጉ ቃልና የሕዝቡ ቃል በዚህ ሁኔታ ሲለያዩ፣ ቅጣት ሰውን ያስፈራል እንጂ አያሳፍርም።

ፍርድ ያልተሰጠበት ሌሊት

ከሳሽና ዳኛ አንድ ሰው ሲሆኑ ደግሞ የሚሆነው ከዚህ የከፋ ነው። የ1966ቱ አብዮት የተነሣው ከእውነተኛ በደል ነው። በከፋና በጅማ አውራጃዎች የጭሰኛው ኑሮ፣ የቡናው መሬት በጥቂት ባለሥልጣኖች እጅ መከማቸቱ፣ የፍርድ ቤት ደጅ ጥናት፣ እነዚህ ሁሉ የሚታወቁ ነበሩ። በ1940ዎቹ ከፋን ያስተዳደሩት ራስ መስፍን ስለሺ ስማቸው ከሰፊ የመሬት ይዞታ ጋር ይነሣ ነበር። መሬት ለአራሹ በሚል መፈክር የተነሣው ትውልድ እንዲህ ያሉትን ሰዎች በሕግ ፊት አቁሞ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነበረው።

ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ራስ መስፍንን ጨምሮ 60 ያህል የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣኖችና መኮንኖች በአዲስ አበባ በደርጉ ውሳኔ ተገደሉ። ችሎት አልተቀመጠም፤ ክስ አልተነበበም፤ ምስክር አልተሰማም። «ወንጀለኞች» የሚለው ቃል ተነገረ፤ «ጥፋተኛ ሆነው ተገኝተዋል» የሚለው ቃል ግን ከማንም ዳኛ አፍ አልወጣም። በመሬታቸው ላይ የደከመው ጭሰኛ ምን እንደተወሰደበት፣ በማን ትእዛዝ፣ በምን ሰነድ እንደተወሰደበት በምስክር አፍ ተነግሮ በመዝገብ የሚሰፍርበት ዕድል ከእነርሱ ጋር አብሮ ተቀበረ። ፍርድ የተነፈገው ተገዳዩ ብቻ አልነበረም፤ ተበዳዩም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት አዳዲስ ስሞችን አመጡ። «አድኃሪ»፣ «ፀረ አብዮት»፣ «አናርኪስት» የተባሉት ቃላት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የክስ ጽሑፍንም የፍርድ ጽሑፍንም ተክተው ሠሩ። አንድ ስም ብቻ ይበቃ ነበር። በከተማ ቀበሌዎችና በገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት ፍርድ ሸንጎዎች ሕዝብ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ጎረቤት እንዲዳኝ የሚያደርጉ ጥሩ ሐሳብ ነበሩ፤ ከሸንጎው በላይ የቆመው የመሣሪያ ኃይል ግን ሐሳቡ ሥር እንዲሰድ አልፈቀደለትም።

ታሪክ ይህን ጉዳይ በዚያው አልዘጋውም። የደርግ ባለሥልጣናት ክስ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በፍርድ ቤት መታየት ጀመረ። ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል ሰነድ ተነበበ፣ ምስክር ተሰማ፣ ተከሳሾች በጠበቃ ተከራከሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ሌሎችንም ባለሥልጣናት በችሎት፣ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ፈረደ። ከክሶቹ መካከል የኅዳር 14ቱ ግድያ ይገኝበታል። የፍርዱ ሂደት ረዥምና አድካሚ ነበር፤ ብዙ ትችትም ደርሶበታል። ሆኖም በ1967 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የተዘለለውን መንገድ ለመሄድ የሚወስደው ጊዜ ይኸው ነበር። ያለ ፍርድ የገደሉት ሰዎች ራሳቸው ያለ ፍርድ ጥፋተኛ አልተባሉም።

«አጥፍቻለሁ፣ ግን…»

ይህ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ነው። የትንንሾቹ ሰዎች ታሪክ በየዕለቱ በወረዳ ፍርድ ቤት ይደገማል። ክስ ከተነበበ በኋላ ዳኛው ተከሳሹን የሚጠይቁት ጥያቄ በአማርኛ «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። ማመንና መካድ ከሃይማኖት ቤት የተወሰዱ ቃላት ናቸው፤ የካደ ሰው ከሐዲ ነው። ስለዚህ ድርጊቱን ያልፈጸመ ሰው እንኳ «እክዳለሁ» ለማለት አንደበቱ ይከብደዋል።

ከዚህም የሚብስ ችግር አለ። በሽማግሌ ፊት «ጥፋቴ ነው» ማለት የጨዋ ሰው ምልክት ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በልጅነቱ የተቀጣ ሰው ሁሉ የተማረው ይህን ነው፤ መጀመሪያ ጥፋትን መቀበል፣ ከዚያ ነገሩን ማስረዳት። በሽምግልና ውስጥ ይህ ቃል የእርቅ በር ይከፍታል። በፍርድ ቤት ግን በሩን ይዘጋል። ከወንድሙ ጋር በቡና ማሳ ድንበር ተጣልቶ፣ ተገፍቶ፣ ሲከላከል ያቆሰለ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ «በሌሴራ» ቢል፣ በቃሉ ውስጥ ያለው ጸጸት ነው። ችሎቱ በአማርኛ ብቻ ይካሄድ በነበረበት ዘመን አስተርጓሚው ይህን ቃል «ጥፋተኛ ነኝ ይላል» ብሎ ሊመልሰው ይችል ነበር። ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ቃላት ስለሆኑ ትርጉሙ ስሕተት አይመስልም። ጸጸቱ ግን በአስተርጓሚው አፍ ውስጥ የእምነት ቃል ሆኖ ይወጣል።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን አደጋ አስቀድሞ ያየ ነው። በአንቀጽ 134 መሠረት ጥፋተኛነት እንደታመነ የሚቆጠረው ተከሳሹ በክሱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ያለ አንዳች ማወላወል ሲያምን ነው። «አጥፍቻለሁ፣ ግን ቀድሞ የመታኝ እርሱ ነው» ያለ ሰው አላመነም። ያቺ «ግን» የምትባል ትንሽ ቃል አንድን ሰው ከእስር ቤት ልታድን ትችላለች፤ ዳኛው ከሰሟት፣ አስተርጓሚው ካልዋጣት። ዛሬ በጅማና በአካባቢዋ ያሉ የክልሉ ፍርድ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ይሠራሉ። ለቡና ለቀማ ከሌላ አገር የመጣው፣ ቋንቋውን የማያውቀው ሠራተኛ ደግሞ በተራው የአስተርጓሚ ጥገኛ ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት የሰጠው ለዚህ ነው።

በአማርኛው የፍርድ ቤት ቋንቋ የመጨረሻው ቃል «ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ነው። ጠፋና ተገኘ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚገኝ ነገር የተፈለገ ነገር ነው፤ ፍለጋ ደግሞ ጊዜ፣ ድካምና ብርሃን ይጠይቃል። ወንጀለኛ ግን አይፈለግም፤ ይጠራል እንጂ።

ይህን ልዩነት ለሕዝብ የሚያስረዳው ሕግ ዐዋቂ ብቻ አይደለም። በስብሰባ መድረክ የሚናገር ካድሬ የተጠርጣሪን ስም ከነማዕረጉ «ወንጀለኛ» እያለ ሲጠራ፣ ሸንጎ ሳይቀመጥ መፍረዱ ነው። መምህሩ በክፍል ውስጥ እስክሪብቶ ጠፋ ሲባል ተማሪዎቹን አሰልፎ ሲፈትሽና አንዱን በጥርጣሬ ከፊት ሲያቆም፣ አውጫጭኝን ለልጆች ማስተማሩ ነው። ተውኔት ጸሐፊውም በመጀመሪያው ትዕይንት ገጸ ባሕርዩን በልብሱ፣ በፊቱና በስሙ ወንጀለኛ አድርጎ መድረክ ላይ ካወጣው፣ በቀሩት ትዕይንቶች የሚፈለግ ነገር አይኖረውም፤ ተመልካቹም ፈርዶ የተቀመጠ ዳኛ ይሆናል። በዛፍ ሥር «በላ ልበልሃ» እያለ ያድር የነበረው ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ቲያትር ያውቅ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ ማን እንደሚረታ አያውቅም ነበርና።